ውሃ ወደ ነዳጅ ታንከር የሚገባበትን ቀዳዳ መዝጋት፦ የአንዲት ትንሽ ጀልባ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጀልባዋ 5 ሜትር ገደማ ርዝመት አላት፤ ላይዋ ክፍት ነው። ከኋላዋ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ካርቡሬተር የቤንዚን ሞተር ተሰቅሏል። 60 ሊትር የሚይዘው የአሉሚኒየም ታንከር ከወለሉ ሥር ተቀብሯል፤ የነዳጅ መሙያው አፍ ጠርዟ ላይ፣ መተንፈሻው ደግሞ ጎኗ ላይ ወደ ውጪ ይከፈታል።

የችግሩ ምልክት ይህ ነው፦ ሞተሩ በረጋ ውሃ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ደህና ነው፤ ማዕበል ሲያናውጣት ግን ይታፈናል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ከመናወጥ ጋር የሚመጣ መታፈን ሲያጋጥም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ታንከሩ ሥር የተኛ ውሃ ነው። የመምጠጫው ቱቦ ጫፍ ከታንከሩ ወለል 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀር፣ ጀልባዋ ሳትናወጥ ውሃው አይደርስበትም። ስትናወጥ ይደርሳል።

ከዚህ በፊት የተሞከረው መፍትሔ ፊልትሮ መቀያየር ነበር። ፊልትሮ የገባውን ውሃ ይይዝ ይሆናል እንጂ እንዳይገባ አይከለክልም። የዚህ ሥራ ዋና ዓላማ የመግቢያውን ቀዳዳ ማግኘት ነው፤ ፊልትሮው የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመክፈት በፊት

የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ተፈቱ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ ሥር ገብቶ ይተኛል፤ ታንከሩ ከመነካቱ በፊት የወለሉ መክፈቻዎች በሙሉ ተከፍተው አየር እንዲያልፍ ተደረገ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምንም መሣሪያ አልገባም፦ ድሪል የለም፣ ተራ ፓምፕ የለም፣ ተራ ባትሪ መብራት የለም። መፍቻውም መምጠጫውም የእጅ ነው። የሚቀበሉት ጀሪካኖች ለነዳጅ የተሠሩ ናቸው፤ የተቀመጡትም መሬት ላይ ነው። ጀሪካን ጀልባ ወይም የመኪና ጭነት ላይ ተቀምጦ ሲሞላ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መሄጃ አያገኝም፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ለነዳጅ እሳት የሚሆን ማጥፊያ በእጅ ርቀት ተቀምጧል።

ናሙና

ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ እንዳለች የፊት ጫፏ ከፍ ተደርጎ አደረች። በዚህ አኳኋን ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋለኛው ጥግ ይሰበሰባል።

አንድ ሌሊት የተተወላት በምክንያት ነው። ትልልቁ የውሃ ጠብታ ወዲያው ይወርዳል፤ 10 ማይክሮን የሚሆነው፣ ዓይን የማያየው ጠብታ ግን በቤንዚን ውስጥ በሰዓት የሚወርደው 10 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ናፍጣ ወፍራም ስለሆነና ክብደቱም ለውሃ ስለሚቀርብ፣ ያው ጠብታ በናፍጣ ውስጥ በሰዓት 1 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል። 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው የናፍጣ ታንከር ከአንድ ቀን በላይ ሳይነካ ካልቆመ፣ ከሥሩ የተቀዳው ናሙና ሙሉውን እውነት አይናገርም።

ጠዋት የነዳጅ ልክ ጠቋሚው ተፈቶ ወጣ። በቀዳዳው በኩል ጫፉ ገደድ ተደርጎ የተቆረጠ 8 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ እስከ ኋለኛው ጥግ ገባ። ገደድ የተደረገው ወለሉ ላይ ሲያርፍ አፉ እንዳይደፈን ነው። በእጅ ፓምፕ የተሳበው የመጀመሪያው አንድ ሊትር ንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ገባ።

ውጤቱ ለማየት አያስቸግርም። ከላይ ጠራ ያለ ቤንዚን፣ ከታች ደፍረስ ያለ ቢጫ ፈሳሽ፣ በመካከላቸው የተሰመረ የመሰለ ድንበር። የታችኛው የትኛው እንደሆነ ለማረጋገጥ በውሃ የሚሟሟ የምግብ ቀለም አንዲት ጠብታ ተጨመረች፤ በቤንዚኑ ውስጥ ሳትሟሟ አልፋ ወርዳ የታችኛውን ሽፋን ብቻ አቀለመችው። ውሃ ጠቋሚ ቅባት በዱላ ላይ ተቀብቶ የሚደረገው ፍተሻ ለንጹሕ ቤንዚንና ለናፍጣ ጥሩ ነው፤ ኤታኖል (ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅ አልኮል) ያለበት ቤንዚን ላይ ግን ተራው ቅባት ቀለሙን በግልጽ ላይቀይር ይችላል። ማሰሮው ይበልጥ ይታመናል።

የታችኛው ሽፋን ከጠበቅነው በላይ ነበር፤ ሲቀዳ ሲቀዳ 1.5 ሊትር ገደማ ደረሰ። ይህን ሁሉ ውሃ ነው ማለት ስህተት ነው። የዚህ ሽፋን ብዙው ክፍል ኤታኖል ነው።

የኤታኖል ፍተሻ

ባለ ልኬት የ100 ሚሊሊትር ቱቦ ውስጥ 10 ሚሊሊትር ውሃ፣ ከላዩ 90 ሚሊሊትር ቤንዚን፣ ክዳን ተደርጎበት አንድ ደቂቃ መነቅነቅ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጎ ማቆም። ኤታኖል ከሌለ የታችኛው ሽፋን 10 ላይ ይቀራል። ካለ ኤታኖሉ ወደ ውሃው ይሸሻል፤ ድንበሩም ይወጣል። እኛ ጋ 19 ላይ ቆመ፤ 9 ሚሊሊትር ከ90 ማለት 10 በመቶ ነው።

ይህ ፍተሻ የሚደረገው ሊሞላ ከታሰበው አዲስ ቤንዚን ላይ ነው። ታንከሩ ውስጥ ከተለያየው ነዳጅ የላይኛው ክፍል ቢቀዳ፣ ኤታኖሉ ቀድሞ ወደ ታች ስለወረደ፣ ዝቅተኛ ቁጥር ወጥቶ ያሳስታል።

የ10 በመቶው ነገር ብዙ ይወስናል። እንዲህ ያለ ቤንዚን በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከራሱ መጠን 0.5 በመቶ ያህል ውሃ አሟሙቶ ይይዛል፤ ለ60 ሊትር 300 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ምንም አይታይም፤ ውሃውም ከነዳጁ ጋር በሞተሩ አልፎ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ገደቡ ሲታለፍ፣ ወይም ነዳጁ ቀዝቅዞ ገደቡ ራሱ ሲወርድ፣ ውሃውና ኤታኖሉ ተያይዘው አንድ ላይ ይዘቅጣሉ። ማታ ደህና የነበረ ነዳጅ ጠዋት ሁለት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ላይ የቀረው ቤንዚን ኤታኖሉን ስላጣ የኦክቴን ቁጥሩ (ያለጊዜው እንዳይነድ የመቋቋም ልኩ) ከ2 እስከ 3 ይቀንሳል። የሚያዋህድ ኬሚካል ጨምሮ መነቅነቅ አይመልሰውም። ሁሉም ነዳጅ ይወጣል፤ ሌላ አማራጭ ስለሌለ ጊዜ አይጠፋበት።

ታንከሩ ተሟጦ ባዶ ሆነ። ከዚያ 5 ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ገብቶ፣ ጀልባዋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወዝውዛ፣ እንደገና ከሥር ተሳበ። በውሃና በሳሙና ማጠብ የሚያመጣው ጣጣ ይበዛል፤ በታንከሩ ውስጥ ባሉት መከፋፈያ ሳንቆች ሥር የሚቀረው ውሃ በቀላሉ አይወጣም። የወጣው ድብልቅ መርዛማ ነው፤ መሬት ላይም ውሃ ውስጥም አይደፋም፤ ተዘግቶ፣ ምልክት ተጽፎበት፣ አደገኛ ፈሳሽ ለሚቀበሉት ይሰጣል።

የታንከሩ ውስጥ በመስታወት በተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ታየ። ከውጪ የሚገባ ፀሐይ ብልጭታ አይፈጥርም፤ ከማንኛውም መብራትም ይሻላል። ኋለኛው ጥግ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገትና ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። ጨው ያለበት ውሃ ሥሩ ላይ ተኝቶ ሲከርም አሉሚኒየምን የሚበላው እንዲህ ነው። ቀዳዳ ይሁን አይሁን በኋላ በግፊት ይፈተናል።

ውሃው ከየት ገባ?

ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ጤዛ ነው። ስሌቱን ማየት ይበቃል። እርጥበት ጠግቦ የሞላ አየር በ30 ዲግሪ በሜትር ኩብ 30 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ በ15 ዲግሪ ደግሞ 13 ግራም ያህል። ታንከሩ ግማሽ ሲሆን ከነዳጁ በላይ ያለው አየር 30 ሊትር ነው። ከ30 ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚወጣው ውሃ ግማሽ ግራም ነው፤ አሥር ጠብታ ያህል። ግማሽ ሊትር ውሃ በጤዛ ለማጠራቀም አንድ ሺህ እንዲህ ያሉ ሌሊቶች ያስፈልጋሉ። ጤዛ የለም አይባልም፤ ሞተር የሚያጠፋ ውሃ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚገባው።

መሙያው ተመረመረ። ክዳኑ የሚያርፍበት ክብ ከጠርዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዝናብና የማዕበል ርጭት ተጠራቅሞበት ይቆማል፤ ማለትም ክዳኑ ሁልጊዜ በትንሽ ኩሬ ተከብቧል። ኦሪንጉ (ክዳኑን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ወጥቶ በካሊፐር ተለካ። አዲሱ 3.53 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ ይህኛው ተጠፍጥፎ 2.9 ሆኗል። ክዳኑ እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ ለኦሪንጉ የሚቀረው ክፍተት 2.8 ነው። ስለዚህ የሚጨመቀው በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሲነካ ለስላሳ ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ ለዓይን ደህና ይመስላል። አዲሱ ሲገባ መጨመቂያው 0.73 ይሆናል፤ ከውፍረቱ 20 በመቶ ያህል ነው፤ ለእንዲህ ያለ ክዳን ልክ ነው።

ግን የላላ ኦሪንግ ብቻውን ይህን ሁሉ ውሃ አያስገባም። ሁለተኛው ነገር መተንፈሻው ላይ ተገኘ። የውጪው አፍ ወንፊት በተርብ ጭቃ ሦስት አራተኛው ተደፍኗል። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚሄደው ቱቦም መሃል ላይ ወደ ታች ረግቦ ሆድ ሠርቷል፤ እዚያ ሆድ ውስጥ የተኛ ፈሳሽ የቀረውን መንገድ ዘግቶታል።

የሁለቱ አንድ ላይ መሆን ነው ጉዳዩ። ቀን የሞቀ ታንከር ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። 30 ሊትር አየር ከ30 ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ መጠኑ በ1.5 ሊትር ይቀንሳል፤ 30 ሊትር ቤንዚንም በ0.4 ሊትር ያህል ይቀንሳል። ትነቱ ተመልሶ ፈሳሽ መሆኑ ሲጨመርበት ታንከሩ ወደ ውስጥ መሳብ ያለበት ከ2 ሊትር ያላነሰ ነው። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ አየር ይስባል። ከተዘጋ በሚያገኘው ደካማ ቦታ ይስባል፤ ደካማው ቦታ ክዳኑ ነው፤ ክዳኑ ዙሪያ ያለው ደግሞ ውሃ ነው። ዝናብ ጥሎ አመሻሹ ሲቀዘቅዝ ያ ትንሽ ኩሬ ተጠጥቶ ያልቃል።

ይህ ግምት ሆኖ እንዳይቀር ተፈተነ። ባዶው ታንከር ተናፍሶ፣ መተንፈሻውና የሞተሩ ቱቦ ተዘግተው፣ በእጅ ፓምፕ 0.05 ባር ግፊት ተሰጠው። በክዳኑ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ፈሰሰ። ከክቡ ግማሽ በላይ አረፋ ወጣ። ነዳጅ የተሞላበትን ቱቦ በአፍ መንፋት ግን በምንም ምክንያት አይደረግም።

ሦስተኛ መግቢያም አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከወለሉ መክፈቻ የሚወርድ የዝናብ ውሃ በታንከሩ ጀርባ ላይ ይተኛል። የነዳጅ ልክ ጠቋሚው ብሎኖች ደግሞ ጀርባውን በስተው ወደ ውስጥ ይገባሉ። በጠቋሚውና በታንከሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ደርቆ ጠርዙ ተሰባብሯል፤ ከአምስቱ ብሎኖች ሁለቱ ሥር የዝገት ቀለም አለ።

ክዳኑና መሙያው

የክዳኑ ኦሪንግ በፍሎሮካርቦን ጎማ ተቀየረ። ናይትራይል የሚባለው ጎማም ይሠራል፤ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ግን ያሳብጠዋል፤ ካበጠ በኋላ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ለውጡ ሲደጋገም ቅርጹን ያጣል። ጎድጓዱ በጨርቅ ተጠርጎ፣ የጨው ቅንጣት ሁሉ ወጥቶ፣ ኦሪንጉ ሳይጠማዘዝ ገባ። አንድ የአሸዋ ፍሬ ሥሩ ከቀረ አዲስ መሆኑ ዋጋ የለውም።

የመሙያው ጠርዝም ከጀልባዋ አካል ተነሳ። ሦስቱ ብሎኖች ረግበዋል፤ ሥሩ ያለው ማሸጊያ ደርቆ ተላቋል። በፖሊሰልፋይድ ማሸጊያ እንደገና ተቀመጠ። ሲሊኮን እዚህ ቦታ አይገባም፤ ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይላቀቃል። ብሎኖቹ በመጀመሪያ ማሸጊያው ዙሪያውን ብቅ እስኪል ድረስ ብቻ ጠበቁ፤ ማሸጊያው ከደረቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ ጠበቁ። መጀመሪያውኑ አጥብቆ ማሰር ማሸጊያውን ሁሉ ገፍቶ አውጥቶ ባዶ ብረት ያስቀራል።

የ38 ሚሊሜትር የመሙያ ቱቦው ጠንካራ ነው፤ አልተቀየረም። በየጫፉ አንድ የነበረው ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ግን ሁለት ሁለት ሆነ፤ ሁሉም የማይዝጉ ናቸው። የመሙያውን ብረት ከመሬት መስመሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ጫፉ ተፍቆ ታሰረ፤ በመለኪያ ሲታይ ከ1 ኦም በታች ነው። የሚፈቀደው ከፍተኛው 100 ኦም ነው፤ ይህ ገመድ ለውሃው ጉዳይ ባይጠቅምም መሙያው ተነስቶ ሳለ ሳይፈተሽ መታለፍ የለበትም።

መተንፈሻው

ይህ ክፍል ጊዜ ወሰደ፤ ሊወስድም ይገባል። አዲስ 16 ሚሊሜትር የነዳጅ ቱቦ ከታንከሩ ተነስቶ አንድም ቦታ ሳይረግብ፣ ያለማቋረጥ ሽቅብ እየወጣ፣ የጀልባዋ ጠርዝ ሥር እስከሚችለው ከፍታ ደረሰ፤ እዚያ ታጥፎ ወደ ውጪው አፍ ወረደ። ከጎን የሚገባ ርጭት ያን ከፍታ ካልተሻገረ ታንከሩ ጋ አይደርስም። በየ25 ሳንቲሜትሩ ማቀፊያ ተደረገለት፤ ማቀፊያው ከራቀ ቱቦው በሙቀት ለስልሶ እንደገና ሆድ ይሠራል።

የውጪው አፍ ወደ ፊት ይመለከት ነበር፤ ጀልባዋ በሄደች ቁጥር ርጭቱ ቀጥታ ይገባበታል። ዞሮ ወደ ኋላና ወደ ታች እንዲመለከት ተደረገ። ወንፊቱ ተጠርጎ ተመለሰ። ይደፈናል ብሎ ወንፊቱን አውጥቶ መጣል አይፈቀድም፤ ሥራው ነበልባል ወደ ታንከሩ እንዳይገባ መከልከል ነው።

የመተንፈሻ መዘጋት ውሃ ከመግባቱ በፊትም ምልክት ይሰጣል፦ ክዳኑ ሲከፈት የሚሰማ የመሳብ ድምፅ፣ በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ፓምፕ ተጨማድዶ መቅረት፣ ሞተሩ ጥቂት ሄዶ መድከምና ክዳኑ ሲላላ መመለስ።

የነዳጅ ልክ ጠቋሚው

አዲስ የናይትራይል ጓርኒሲዮን 3 ሚሊሜትር። አምስቱ ቀዳዳዎች እኩል ርቀት ላይ አይደሉም፤ ጠቋሚው የሚገጥመው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አልገጥም ካለ ማዞር እንጂ ቀዳዳ ማስፋት አያስፈልግም። ብሎኖቹ አዲስ፣ በእያንዳንዱ ሥር የጎማ ማሸጊያ ያለው ዋሸር። በካቻቢቴ በእጅ፣ አንዱን ጠበቅ አድርጎ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ። የወለሉ መክፈቻ ላስቲክም አብሮ ተቀየረ፤ ታንከሩ ጀርባ ላይ ኩሬ ካልተሠራ የጓርኒሲዮኑ ሥራ ይቀላል።

የግፊት ፍተሻ

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በእጅ ፓምፕ 0.2 ባር፣ ለ5 ደቂቃ። ከዚህ በላይ አይሰጥም፤ ጠፍጣፋ ግድግዳ ያለው ታንከር በትንሽ ግፊትም ያብጣል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል። ከመጭመቂያ ማሽን አየር መስጠት አይታሰብም። ጀልባዋ ጥላ ውስጥ ነበረች፤ ፀሐይ ሲወጣ ሲገባ መርፌው በራሱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ፍተሻው ትርጉም ያጣል። መርፌው አልተንቀሳቀሰም፤ በክዳኑ፣ በጠቋሚውና በፋሼታዎቹ ላይ አረፋ የለም። የታንከሩ ጥግ ጉድጓዶች ገና አልበሱም። ለጊዜው ይቆያል፤ በየዓመቱ ግን ይህ ፍተሻ ይደገማል።

ፊልትሮው

አሁን ተራው ደረሰ። ባለ 10 ማይክሮን ውሃ ለዪ ፊልትሮ፣ ከሥሩ ውሃው የሚታይበት ጽዋና መክፈቻ ያለው፣ በታንከሩና በእጅ በሚጨመቀው ፓምፕ መካከል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታሰረ። ከሥሩ ፊልትሮውን ለመፍታትና ማሰሮ ለማስገባት የሚበቃ ቦታ ተተወ። ለዚህች ጀልባ የፕላስቲክ ጽዋ ይሆናል፤ ቦታው ክፍት ነውና። ሞተሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላለ ጀልባ ግን ጽዋው እሳት የሚችል ብረት መሆን አለበት። የፊልትሮው ላስቲክ በጥቂት ዘይት ተነክቶ፣ መቀመጫውን ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ጠበቀ፤ በቁልፍ ማጥበቅ ላስቲኩን ይቆርጠዋል።

ይህ ፊልትሮ ነጻ የሆነውን የውሃ ጠብታ ይለያል። በኤታኖል ውስጥ የሟሟውን ግን ያሳልፋል። እሱን ተማምኖ ክዳኑን መርሳት ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው። ናፍጣ ለሚጠቀም ጀልባ ጽዋውን ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ ከዚህም በላይ ያስፈልጋል፤ በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባሉ፣ አተላቸውም ፊልትሮውን ይደፍናል። ውሃ ከሌለ መኖሪያ የላቸውም።

የካርቡሬተሩ ጽዋ በሥሩ ባለው ብሎን ተፈሰሰ፤ ጥቂት ደፍራሳ ፈሳሽ ወጣ። በሞተሩ ሽፋን ሥር ያለው ትንሹ ፊልትሮም ተቀየረ።

መሙላትና መፈተሽ

አዲስ ቤንዚን እስከ 57 ሊትር ገባ። 5 በመቶው ባዶ የሚተወው ነዳጅ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። ጀሪካኖቹ ከመቀዳታቸው በፊት ለጥቂት ጊዜ ቆሙ፤ የመጨረሻው ግማሽ ሊትር ወደ ታንከሩ ሳይሆን ወደ ማሰሮ ገባ፤ ውሃ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። ዝናብ ላይ የቆየ ጀሪካን ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው ይጠረጋል።

ከዚያ በክዳኑ፣ በወለሉ መክፈቻና በመተንፈሻው አካባቢ ለ15 ደቂቃ ውሃ በቱቦ ፈሰሰ። የክዳኑ ዙሪያ ኩሬ ሞልቶ አደረ። ጠዋት ኩሬው እንዳለ ነው። ከታንከሩ ጥግ የተሳበው ናሙና ማሰሮ ውስጥ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ነበር፤ ድንበርም ደመናም የለም።

ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ከሄደ በኋላ የፊልትሮው ጽዋ ፈሶ ታየ፦ ሁለት የአሉሚኒየም ዝገት ቅንጣት፣ ውሃ የለም።

ለሚቀጥለው ፍተሻ የተያዘ፦ የፊልትሮው ጽዋ ከየጉዞው በፊት ይታያል፤ ፊልትሮው በ100 ሰዓት ወይም በዓመት፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየራል። የመተንፈሻው ወንፊት ጀልባዋ ቆማ ከከረመች በኋላ ሁሉ ይጠረጋል። የክዳኑ ኦሪንግ በየወቅቱ ወጥቶ ይለካል፤ ውፍረቱ ከ3.2 ሚሊሜትር በታች ከወረደ፣ ደህና ቢመስልም ይቀየራል።